የሲምፕሰንስ 4ኛ ሲዝን ዲቪዲ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ ሰፈሬ ያለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የሲምፕሰንስን (የአሜሪካውን ተከታታይ ካርቱን) 4ኛ ሲዝን ዲቪዲ አየሁ። 4ቱም ዲስክ አለ፣ ካርቶኑ ብቻ ጥጉ ላይ ትንሽ ተልጧል። ግን ዲዝኒ ፕላስ (በኢንተርኔት ፊልም የሚታይበት አገልግሎት) ላይ እያለ ለምን ገንዘብ ላውጣ?

መልስ፦ ግዛው ባክህ! ዲዝኒ ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጀምር የድሮዎቹን ክፍሎች ሰፊ ስክሪን እንዲሞሉ ብሎ ከላይና ከታች ቆርጧቸው ነበር። የቤተሰቡ አባት ሆመር የዳፍ ቢራ ፋብሪካን የሚጎበኝበት ክፍል ትዝ ይልሃል? ዳፍ፣ ዳፍ ላይትና ዳፍ ድራይ የተጻፈባቸው ሦስቱም ጋኖች የሚሞሉት ከአንድ ቧንቧ ነው። ቀልዱ እኮ ቧንቧው ነው! እሱን ቆርጠው ጣሉትና ጋኖቹ ብቻ ቀሩ። ዲቪዲው ላይ ምስሉ ሙሉ ነው።

መልስ፦ እሱማ በ2020 ተስተካክሏል፣ አሁን የድሮውን የቲቪ ቅርጽ (4 በ3) መምረጥ ይቻላል። ለምስሉ ብለህ አትግዛ። እኔ ብሆን የምገዛው ለኮሜንተሪው ነው፤ በ22ቱም ክፍሎች ላይ ሠሪዎቹ እየተሳሳቁ የሥራውን ጓዳ ያወራሉ። ደግሞ የሞኖሬሉ (የባለ አንድ ሐዲዱ ባቡር) ክፍል እዚሁ ሲዝን ውስጥ ነው። የጻፈው በኋላ በቲቪ ሾው አቅራቢነት የታወቀው ኮናን ኦብራየን ነው፣ ያኔ የራሱ ሾው እንኳ አልነበረውም። ለኔ ከሱ የሚበልጥ ክፍል የለም፣ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

መልስ፦ አውሮፓና ገልፍ ያላችሁ ግን ዝም ብላችሁ እንዳታዙ። ዲቪዲ የሚሠራበት አካባቢ ኮድ (ሪጅን) አለው፤ የአሜሪካው ሪጅን 1 ነው፣ የናንተ ማጫወቻ ሪጅን 2 ከሆነ እምቢ ይላችኋል። ጠያቂው፣ አንተ ዲስኮቹን ገልብጠህ ጭረት እይ።

ጠያቂው፦ ኮሜንተሪ እንዳለው አላወቅኩም ነበር። ነገ ከሥራ ስወጣ አነሳዋለሁ፣ ሰው ካልቀደመኝ።