4 ካሬ የማሞቂያ ማት ለ3 ካሬ ወለል፦ የተረፈውን ገመድ መቁረጥ ይቻላል?

ጀማሪ_አዳሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ከሥሩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ልዘረጋ ነው። ክፍሉ 2 ሜትር በ2.5 ሜትር ነው። ሻወሩ 90 በ90 ሴንቲ፣ የእጅ መታጠቢያው ቁም ሳጥን 80 በ50፣ የሽንት ቤት መቀመጫው 40 በ70 ይይዛሉ። ከግድግዳ 5 ሴንቲ ፈቀቅ ሲባል የሚቀረው ባዶ ወለል 3.1 ካሬ አካባቢ ነው። እጄ ላይ ያለው ማት (መረብ ላይ የተያያዘ የማሞቂያ ገመድ) ግን የ4 ካሬ ነው፦ ስፋቱ 50 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ 600 ዋት፣ 230 ቮልት፣ ባለ ሁለት ሽቦ። ወለሉ ኮንክሪት ነው፤ ከኮንክሪቱ በታች አፈር።

የተረፈውን 1 ካሬ ቆርጬ ጫፉን በቴፕ ብዘጋው ችግር አለው? ካልሆነስ ገመዱን አጠጋግቼ ባስገባው? መስመሩን ከልብስ ማጠቢያው ሶኬት መቀጠል ይቻላል? የወለሉን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር የት ይቀመጣል? ማቱን በመልቲሜትር ስለካው 91 ኦም አሳየኝ፤ ወረቀቱ ላይ 88 ይላል። ሁለቱ አለመግጠማቸው ያሳስባል?

ብሬከር_30፦

ገመዱ አይቆረጥም። መቀስ የሚነካው መረቡን ብቻ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ልንገርዎ። ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ መጨረሻው ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተያይዘው በፋብሪካ ታሽገዋል፤ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሄዶ በሌላው የሚመለሰው በዚያ ነው። ጫፉን ቆርጠው በቴፕ ቢዘጉት መስመሩ ስለተቋረጠ ጭራሽ አይሞቅም። ሁለቱን አጣምሮ ማሰር ደግሞ የባሰ ነው። ሙሉው ገመድ 88 ኦም ስለሆነ በ230 ቮልት 2.6 አምፔር ስቦ 600 ዋት ይሰጣል። ሩቡ ሲወጣ 66 ኦም ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሚስበው 3.5 አምፔር፣ የሚሰጠው 800 ዋት ይሆናል። ገመድ ሲያጥር ሙቀቱም የሚቀንስ ይመስላል፤ የሚሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው። እያንዳንዱ ሜትር ከተሠራለት 1.8 እጥፍ ያህል ይግላል። ወለሉ ላይ ሲታይ በካሬ 267 ዋት ነው፤ ማቱ የተሠራው ለ150 ነው። የገመዱ ሽፋን ይህን ብዙ አይችለውም።

ማጠጋጋቱም አያዋጣም። 600 ዋት 3.1 ካሬ ውስጥ ሲገባ በካሬ 194 ዋት ገደማ ይሆናል። ከዚያ የሚከፋው ግን ሲያጠጋጉ አንድ ቦታ ላይ ገመድ ከገመድ መነካካቱ ነው። የተነካኩበት ወይም የተደራረቡበት ቦታ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ሽፋኑ እዚያው ይቀልጣል።

መፍትሔው ማቱን በ3 ካሬ መቀየር ነው፦ 450 ዋት፣ 117.6 ኦም። ሁልጊዜ ባዶውን ወለል ለክቶ ከዚያ በትንሹ የሚያንስ ማት ይመረጣል። ዳር ላይ 10 ሴንቲ ሳይሞቅ ቢቀር እግር አያውቀውም። የቤቱ መስመር 230 ሳይሆን 220 ቮልት ከሆነ ያው 450 የተባለው ማት 412 ዋት ያህል ይሰጣል፤ የኦሙ ቁጥር ግን አይለወጥም።

ስለ ሶኬቱ፦ ጭነቱ ትንሽ ነው፤ 2 አምፔር እንኳ አይሞላም። የራሱ መስመር ይኑረው የምለው በጭነት ምክንያት አይደለም። ልብስ ማጠቢያም ውሃ የሚያሞቅ ዕቃ ነው፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሆነው ብሬከሩ ሲወርድ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ ለመለየት ሴራሚክ እስከማንሳት የሚደርስ ሰው አለ። ከማከፋፈያ ቦርዱ 10 አምፔር ብሬከር፣ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ)፣ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ፌዙንና ኒውትራሉን አንድ ላይ የሚቆርጥ ማብሪያ፤ ለዚህ ክፍል ይበቃል። 30 ሚሊአምፔሩ በምርጫ የሚገባ ነገር አይደለም፤ በወለል ውስጥ ለሚቀበሩ ማሞቂያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃ አይኢሲ 60364-7-753 በግልጽ ይጠይቀዋል። ሽቦዎቹን የከበበው የብረት ሺልድም ከግራውንድ ጋር ይታሰራል። ሺልዱ ካልታሰረ ገመዱ ሲቆስል ፍሳሹ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ አርሲዲው የሚወርደው ሰው ነክቶት ነው። ቤቱ ግራውንድ ከሌለው ሥራው እዚያው ይቁምና መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሁን።

ቴርሞስታቱን (ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን) ከመታጠቢያ ቤቱ ውጪ፣ በግድግዳው ማዶ ይትከሉት። ከሻወሩ ጠርዝ 60 ሴንቲ ድረስ፣ በቁመትም እስከ 2.25 ሜትር ያለው ቦታ ለቴርሞስታት አይሆንም፤ በዚህ ስፋት ክፍል ውስጥ ደግሞ ከዚያ የሚተርፈው ግድግዳ ጥቂት ነው። ሙቀቱን የሚለካው ወለሉ ውስጥ ያለው ሴንሰር ስለሆነ ቴርሞስታቱ ውጪ መሆኑ ምንም አያጎድልም።

ሴራሚክ_አንጣፊ፦

ወዳጄ፣ ኤሌክትሪኩ ተብሏልና እኔ ወደ ወለሉ ልግባ።

ማቱን ኮንክሪት ላይ በቀጥታ አትዘርጋው። ሥሩ አፈር ከሆነ ኮንክሪቱ ሙቀቱን እየጠጣ ወደ ታች ይወስደዋል፤ ሴራሚኩ ለብ እስኪል ረጅም ሰዓት ትጠብቃለህ። ሁለቱም ፊቱ ሲሚንቶ የተቀባውን ጠንካራ የፎም ቦርድ፣ 10 ሚሊሜትሩን፣ በሴራሚክ ማጣበቂያ ኮንክሪቱ ላይ ለጥፍ። ከዚህ በፊት ግን ከፍታህን ደምር፦ ቦርዱ 10፣ የቦርዱ ማጣበቂያ 3፣ ማቱን የሚሸፍነው ንብርብር 10፣ የሴራሚኩ ማጣበቂያ 5፣ ሴራሚኩ 10 ቢሆን ወደ 38 ሚሊሜትር ትወጣለህ። በሩ ይከፈታል? ውሃ መውረጃውስ ከወለሉ በታች ይቀራል? ይህ ሴራሚክ ላይ ከተደረሰ በኋላ አይታረምም።

ቦርዱ ሲደርቅ ሁሉንም ነገር በማርከር ወለሉ ላይ ሣል። ቁም ሳጥኑ፣ መቀመጫውና የቧንቧው ክብ (ዙሪያውን 10 ሴንቲ ተው)፣ የበር ማቆሚያው ቡሎን የሚገባበት ነጥብ ሳይቀር። ወለል ላይ በቀጥታ ከሚቀመጥ ዕቃ ሥር ገመድ አይገባም፤ ሙቀቱ ታፍኖ ይቀራል። ከዚያ ማቱን ከቴርሞስታቱ በኩል ጀምረህ ዘርጋ። ግድግዳ ስትደርስ መረቡን ብቻ ከአንድ ገመድ ወደ ሌላው ባለው ክፍተት ቁረጥ፤ ገመዱ ሳይነካ ማቱ ይዞርና ጎን ለጎን ይመለሳል።

አሁን ብዙ ሥራ የሚበላሽባት ቦታ ላይ ደረስን፦ የሚሞቀው ገመድ ከማይሞቀው መሪ ገመድ ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ። ከገመዱ ይወፍራል፣ ጣት የሚያህል ነው። ቦርዱን በልኩ ፈልፍለህ አስተኛው እንጂ ጎልቶ እንዲቀር አታድርግ። ወደ ግድግዳ ሳጥን ወይም ወደ ቱቦ አታስገባው፤ መገጣጠሚያው እንዳለ፣ ከፊቱ ካለው የሚሞቅ ገመድ ጋር፣ ማጣበቂያ ውስጥ መቀበር አለበት። አየር ውስጥ የቀረ የሚሞቅ ገመድ ሙቀቱን የሚቀበለው ነገር ስለሌለ ራሱን ያቃጥላል። እንዲያጥር ከተፈለገ መቆረጥ የሚችለው የማይሞቀው ገመድ ብቻ ነው።

ሴንሰሩን በቱቦ ውስጥ አግባው። ቱቦው ከግድግዳው ወርዶ ወደሚሞቀው ቦታ 50 ሴንቲ ያህል ይገባል፤ ከሁለት ገመዶች እኩል መሀል ይተኛል፤ ጫፉ ማጣበቂያ እንዳይገባበት በቴፕ ይታሸጋል። ከግድግዳ ወደ ወለል የሚታጠፍበትን ቀስ ያለ ቅስት አድርገው። ሴንሰር ይሞታል፤ ጥግ ላይ በ90 ዲግሪ የተሰበረ ቱቦ ከሆነ አሮጌውን መሳብ አትችልም።

ማቱን እንዴት ይሸፍኑታል የሚለው ላይ ሰው ይለያያል። እኔ መጀመሪያ በፈሳሽ መልክ ፈስሶ ራሱን የሚያስተካክለውን ድብልቅ 10 ሚሊሜትር አፍስሶ፣ አድርቆ፣ ከዚያ እንደ ማንኛውም ወለል ሴራሚክ ማንጠፍን እመርጣለሁ። ማጣበቂያውን ማቱ ላይ በቀጥታ የሚያነጥፉ አሉ፤ ይሆናል፣ ግን የብረት ስፓቱላ ጥርስ ገመዱ ላይ እየተንሸራተተ ሽፋኑን እንደ ካሮት ይልጠዋል። በቀጥታ ካደረግከው ጥርሱ ፕላስቲክ የሆነ ስፓቱላ ያዝ፤ የሴራሚኩንም ጀርባ ማጣበቂያ ቀባው፤ ከሥሩ ባዶ አየር እንዳይቀር። ማጣበቂያው ሲ2 ኤስ1 የሚባለው፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ አብሮ የሚለጠጠው ይሁን። ተራው ማጣበቂያ ከሴራሚኩ ይላቀቃል።

ሌላው፣ በሴራሚኮቹ መሀል ፈልቶ የወጣውን ማጣበቂያ እርጥብ እያለ በስፖንጅ ጥረገው። ከደረቀ በኋላ በቢላ ወይም በካተር የሚፍቅ ሰው ገመዱ ከምላጩ ጫፍ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አያስተውልም። ማቱ ተጋልጦ ባለበት ጊዜም ካርቶን አንጥፈህ ተራመድ፤ ሙሉ ባልዲ አታስቀምጥበት።

ሜገር_500፦

91 ኦሙ ደህና ነው። አብዛኞቹ አምራቾች የሚፈቅዱት ከተጻፈው 5 በመቶ ዝቅ፣ 10 በመቶ ከፍ ነው፤ ለ88 ከ83.6 እስከ 96.8 ማለት ነው። ለአዲሱ የ450 ዋት ማት ከ112 እስከ 129 ይጠብቁ።

አንድ ጊዜ መለካት ግን አይበቃም። ከካርቶኑ ሲወጣ፣ ከተዘረጋ በኋላ፣ ድብልቁ ከፈሰሰ በኋላ፣ ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ይለኩና ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ይጻፉ። በሦስተኛው ላይ የጠፋ ነገር በሁለተኛው ደህና ከነበረ የቆሰለው በመሀል ባለው ሥራ ነው፤ የት መፈለግ እንዳለብዎ ያውቃሉ። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት የተገኘ ቁስል በመጠገኛ ኪት ይታሰራል። ከተነጠፈ በኋላ ግን ቦታውን ለማግኘት ልዩ መሣሪያና የሙቀት ካሜራ ያስፈልጋል፤ ሴራሚክም ይነሳል።

ከኦሙ በተጨማሪ በሽቦዎቹና በሺልዱ መካከል ያለው ኢንሱሌሽን (ሽፋኑ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመከልከል አቅሙ) ይለካል። ለዚህ መልቲሜትር አይታመንም። መልቲሜትር የሚገፋው በጥቂት ቮልት ነው፤ ፀጉር የሚያህል ጭረት ከሆነ "ክፍት ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሜገር የሚባለው የኢንሱሌሽን መለኪያ በ500 ቮልት ሲገፋው ያው ጭረት ይታያል። ጤነኛ ገመድ ሜገሩ ሊያሳይ የሚችለውን የመጨረሻ ቁጥር ይሰጣል፤ ወደ ጥቂት ሜጋኦም ከወረደ ከ1 ሜጋኦም በላይ ቢሆንም እንኳ አዲስ ማት ላይ አልቀበለውም፤ እርጥበት ገብቷል ወይም ሽፋኑ ተነክቷል። ከመለካትዎ በፊት ቴርሞስታቱ ፈጽሞ ከገመዱ ይለያይ፤ 500 ቮልት ውስጡ ያለውን ሰርኪት ያቃጥለዋል። የሜገሩን ጫፎችም በባዶ ጣት አይያዙ።

ሴንሰሩንም ለብቻው ይለኩት። አብዛኛው በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም ነው፤ ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ 12 ኪሎ ኦም ገደማ ያሳያል። ሌላ ዋጋ ያላቸውም አሉና ቴርሞስታቱና ሴንሰሩ የሚጣጣሙ መሆናቸው ይረጋገጥ።

ማቱን "ይሞቅ እንደሆነ ልየው" ብሎ ተጠቅልሎ እያለ መሰካት ደግሞ ሥራው ሳይጀመር ገመዱን ይገድለዋል።

ጀማሪ_አዳሽ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ የ3 ካሬውን እይዛለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሻወሩ ውስጥስ ቢሞቅ? ሴራሚኩ ካለቀ በኋላስ በስንት ቀን ይበራል?

ሴራሚክ_አንጣፊ፦

ከተዘጋጀ የሻወር ገንዳ ሥር አይገባም፤ ከሥሩ አየር ስላለ። ወለሉ ራሱ ሴራሚክ የሆነ ሻወር ከሆነና አምራቹ ከፈቀደ ይቻላል፤ የውሃ መከላከያው ሽፋን ግን ከገመዱ በላይ ይቀባል፣ የውሃ መውረጃውም ዙሪያ ይተዋል። 3 ካሬ ማት ይዘህ ግን ለዚያ አትጨነቅ፤ የሻወሩ ውሃ ራሱ ሙቅ ነው።

ቀኑን በተመለከተ፣ ማጣበቂያና ግራውት (በሴራሚኮቹ መሀል የሚሞላው) ብቻ ከሆነ ቢያንስ 7 ቀን።

ሜገር_500፦

7 ቀኑ ላይ ትንሽ ልጨምር። ከሥሩ የፈሰሰው ድብልቅ የራሱ መድረቂያ ስላለው ከረጢቱ ላይ ያለው ረዘም የሚል ከሆነ እሱ ይከበር። ማቱ በወፍራም የሲሚንቶ ሊሾ ከተሸፈነ ደግሞ 28 ቀን ነው። ለማድረቅ ብሎ ማሞቂያውን ማብራት ውሃውን በፍጥነት ያባርረውና ድብልቁ ይሰነጠቃል፤ ገመዱ ዙሪያ ክፍተት ይፈጠራል። መጀመሪያ ሲበራ 20 ዲግሪ ላይ፣ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ዲግሪ እየተጨመረ።

ብሬከር_30፦

ቴርሞስታቱ ላይ የወለሉን ከፍተኛ ሙቀት ይገድቡ። ለመታጠቢያ ቤት ከ33፣ ለመኖሪያ ክፍል ከ29 ዲግሪ እንዳያልፍ፤ ላሚኔት ወይም እንጨት ለሚነጠፍባቸው ክፍሎች ወደ 27 ይወርዳል። ወፍራም ምንጣፍ ሴንሰሩ ካለበት ራቅ ብሎ ከተነጠፈ ሴንሰሩ የማያየው ሙቀት ከሥሩ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ቀጭንና በቀላሉ የሚነሳ ይሁን።

አርሲዲው ወለሉ በታጠበ ቁጥር እየወረደ ሲደርቅ የሚይዝ ከሆነ ደጋግመው አያንሱት፤ የቆሰለ ገመድ ወይም ውሃ የገባበት መገጣጠሚያ አለ። መስመሩን አጥፍተው በሜገር ያስለኩት።

ማቱ ከመሸፈኑ በፊትም ሜትር ወለሉ ላይ ዘርግተው ከላይ ፎቶ ያንሱት፤ የመገጣጠሚያው፣ የሴንሰሩና የመጨረሻው ጫፍ ቦታ በደንብ ይታይ። ፎቶውንና አራቱን የኦም ቁጥሮች አትመው ከማከፋፈያ ቦርዱ በር ጀርባ ይለጥፉት፤ ነገ ወለል የሚበሳው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።