የጠፋ ዘመድ ፍለጋ፦ ለዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ካዛንቺስ በ2017 መፍረስ ከጀመረ ወዲህ በየአቅጣጫው ተበትነናል። ድሮ ከውጭ አገር ዘመዱን ፍለጋ የመጣ ሰው ሱቅ ጠይቆ፣ ሊስትሮ ጠይቆ ደጃፉ ድረስ ይደርስ ነበር። አሁን የሚጠየቅ ጎረቤት የለም። ማን የት ቤት ይኖር እንደነበር የተጻፈው ዕድሩ መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ የፍለጋ ኮሚቴ እናቋቁም እላለሁ። ሐሳብ ስጡበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የዕድሩ ብር ለለቅሶ የተዋጣ ነው። ወጪው ከየት ይመጣል?

ጸሐፊ፦ ከሞባይል ዳታ በቀር ወጪ የለውም። የቀይ መስቀል የቤተሰብ ፍለጋ አገልግሎት በነፃ ነው። «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባለው ድረ ገጽም ለጉዲፈቻ የሄዱ ልጆችንና ወላጆቻቸውን ያለ ክፍያ ያገናኛል። የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ከመከልከሉ በፊት የሄዱት ልጆች ዛሬ ብዙዎቹ አድገዋል፤ እናታቸውን እየፈለጉ ነው።

ወጣት አባል፦ ጎግል ኧርዝ ፕሮንም ጨምሩበት። ኮምፒውተር ላይ በነፃ ይጫናል፤ የቆዩ የሳተላይት ምስሎችንም ዓመት እየመረጡ ማየት ይቻላል። ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት የነበረውን ከፍቼ ለአንዲት እናታችን አሳየኋቸው። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ዋናውን አስፋልት ሲለዩት ግን ጣታቸውን በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እያስኬዱ «ይቺ ወፍጮ ቤቷ፣ ከጀርባዋ ቧንቧው፣ ቀጥሎ የምንፈልጋቸው ሰዎች ግቢ» አሉኝ። የቤት ቁጥሩን ከዚያ በኋላ መዝገቡ ላይ አገኘነው።

አባል ከጅዳ፦ እኔ የአክስቴን ልጅ እየፈለግኩ ነው። ፎቶዋን ቲክቶክ ላይ ብንለቀው አይፈጥንም?

ሰብሳቢ፦ ልጄ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ ተደብቃ የምትኖር ብትሆንስ? ስሟና ፎቶዋ አደባባይ ቢወጣ ለሌላ ችግር እንዳርጋታለን። በራሱ ምክንያት ከቤተሰቡ የራቀም ሰው አለ። እሱም መብቱ ነው።

ጸሐፊ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ቀይ መስቀል ወደ አውሮፓ ሲሰደዱ ለጠፉ ሰዎች «ትሬስ ዘ ፌስ» የሚባል ገጽ አለው። እዚያ የሚወጣው ፎቶ የጠፋው ሰው አይደለም፣ የፈላጊው ነው። ከሥሩ «ወንድሜን እፈልጋለሁ» የሚል ይጻፋል፣ ስም አይጠቀስም። የተፈለገው ሰው ፊቱን አይቶ ካወቀው፣ ከፈለገ ራሱ ይመጣል። እኛም ይህንኑ ሥርዓት እንያዝ። የፈላጊው ፎቶ ይውጣ፣ የተፈላጊው ግን አይውጣ።

አባል ከጅዳ፦ እሺ፣ በዚህ እስማማለሁ። የኔን ፎቶ አውጡት።

ገንዘብ ያዥ፦ «አግኝተናታል፣ ብር ላኩ» የሚሉ አጭበርባሪዎችም አሉ። ማንም ብር እንዳይልክ በግልጽ ይጻፍ።

ወጣት አባል፦ የቤት ስሟን አናውጣ። ሰፈር ውስጥ የምትጠራበትን ስም የሚያውቀው የቤት ሰው ብቻ ነው። አውቃታለሁ ብሎ ለሚመጣ ሰው መጠየቂያ ይሆነናል።

ጸሐፊ፦ ግሩም ነው። እንግዲህ ረቂቁ ይህን ይመስላል። ኮሚቴው ማንኛውንም ነገር ከመለጠፉ በፊት ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ አንድ ቅጽ ይሞላል፦ ስም እስከ አያት፣ የቤት ቁጥር፣ ትምህርት ቤት፣ የነፍስ አባት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችበት ቦታ። የልደት ዓመቱ በኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ይለይ። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ ትክክለኛዋን ሰው «እሷ አይደለችም» ብለን ልናልፋት እንችላለን። ፌስቡክ ላይ ስሙ በላቲን ፊደል በሚጻፍበት መንገድ ሁሉ ይፈለጋል። ቅጹ የሚቀመጠው ጸሐፊው ዘንድ ብቻ ነው፤ ቴሌግራም ላይ አይላክም። ጉዳዩ በቅድሚያ ለቀይ መስቀል ይመዘገባል።

ሰብሳቢ፦ አንድ ነገር ጨምር። ሰውየው ተገኝቶ «አድራሻዬን አትስጡ» ካለ አንሰጥም። በሕይወት መኖሩን እንኳ ለቤተሰቡ የምንናገረው እሱ ሲፈቅድ ነው።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። የመዝገቡን የድሮ ገጾች በስልክ ፎቶ የሚያነሳልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንዳንዱ ቀለሙ እየለቀቀ ነው።

ወጣት አባል፦ እኔ አለሁ። እሁድ ከስብሰባው በፊት እመጣለሁ።