ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ ዮጋ ለመማር የት ይሻላል? (ለአዋቂም ለልጅም)

ዮጋ ጎንደር ላይ የት አለ፣ ወገቤን ያመኛል ይሆነኛል ወይ፣ ልጄንስ የት ልውሰዳት እያላችሁ በውስጥ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ እዚሁ ልመልስ። ምርጫው እንደ አዲስ አበባ ሰፊ አይደለም። ጂም ውስጥ የሚሰጥ አለ። በግቢዋ የምታስተምር አንዲት መምህርት አለች። በኦንላይን ከአዲስ አበባ የሚያስተምሩ አሉ። ከዚያ ዩቲዩብ ነው። የእኔ ምርጫ መምህርቷ ናት፣ ያልተስማማ ከታች ይከራከረኝ።

ስሟንና ስልኳን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ማራኪ አካባቢ ናት፣ የሰፈሩን ሰው ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል።

መጀመሪያ የኬጂ አስተማሪ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ለልጆች ጎንበስ ቀና ስትል ወገቧ ተያዘ፣ ሐኪሙም ከመድኃኒቱ ይልቅ እንቅስቃሴ አብዢ አላት። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከሚያስተምሩት ህንዳውያን የአንዱ ባለቤት ጎረቤቷ ነበሩ፣ ጠዋት ጠዋት እሳቸው በረንዳ ላይ መሥራት ጀመረች። ሲሻላት የሰፈር ሴቶች እኛንም አስተምሪን አሏት። እሷ ግን እሺ ያለችው ዓመታት ቆይታ፣ የ200 ሰዓቱን የአስተማሪነት ሥልጠና ከጨረሰች በኋላ ነው። ለልጆች ደግሞ ለብቻው የተዘጋጀ የ95 ሰዓት ሥልጠና አለ፣ እሱንም ጨምራለች።

ስለ ሰርተፍኬት አንድ ነገር እወቁ። ዮጋ አሊያንስ የሚባለው መቀመጫውን አሜሪካ ያደረገ ማህበር የአስተማሪዎች መዝገብ ነው የሚይዝ። 200 ሰዓት የሚባለውም የእሱ መነሻ መስፈርት ነው። የመንግሥት የሙያ ፈቃድ ወይም የሕክምና ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አይታችሁ ብቻ አትመዝገቡ። እኔ የምመዝነው በሌላ ነው፦ መጀመሪያ ቀን ስትሄዱ ምን ጠየቀቻችሁ?

እሷ ጋ ምንጣፍ ከመዘርጋታችሁ በፊት ቁጭ አድርጋ ትጠይቃለች። ደም ግፊት አለ? ነፍሰ ጡር ነሽ? ጉልበት፣ ዲስክ፣ ቀዶ ሕክምና? ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላት ወደ ታች የሚደረግባቸውን አቀማመጦች መሥራት የለበትም፣ የዓይን ግፊት ስለሚጨምሩ። ይህን የሚጠይቅ አስተማሪ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም። የሐኪም ቀጠሮ ያለውን ሰው «ሐኪምህን ጠይቀህ ና» ብላ ስትመልስም አይቻለሁ። ገንዘብ የምትወድ ብትሆን አትመልሰውም ነበር።

ጂሙ ላይ ያለው ነገር ሌላ ነው። ፈጣን ነው፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ላብ በላብ ትሆናላችሁ። ለወጣትና ጤነኛ ሰው ምንም አይልም፣ ደስም ይላል። እኔን ያስመረረኝ አሠልጣኙ ጎንበስ ባልኩበት መጥቶ ጀርባዬን በእጁ ሲጫነኝ ነው። ሳያስፈቅድ! ከጉልበቴ ጀርባ ያለው ጅማት ለሳምንታት ነው ያሠቃየኝ። የጂሙን ስም አልጠራም፣ ብቻ ማንም ሰው ሳይጠይቅ ሊጫናችሁ ሲመጣ «ተው» በሉት።

በነገራችን ላይ ሁለቱ አካሄዶች ከአንድ ሰው ነው የወጡ። ክሪሽናማቻርያ የሚባሉ ህንዳዊ መምህር (1888–1989 እ.ኤ.አ.) ማይሶር ከተማ ያስተምሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ፓታቢ ጆይስ በቅደም ተከተል የተያያዘውንና ጉልበት የሚጠይቀውን አሽታንጋ የሚባለውን አስፋፉ። ሌላው አየንጋር ናቸው። በልጅነታቸው በሽታ ያደቀቃቸው ሰው ነበሩ፣ ሳንባ ነቀርሳም ታይፎይድም ይዟቸዋል። ቀስ ብሎ፣ በጥንቃቄ፣ በወንበርና በማሠሪያ እየተደገፉ መሥራትን ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። የጂሙ ወደ ጆይስ ያደላል፣ የመምህርቷ ወደ አየንጋር። ወገባችሁን ለሚያማችሁ የትኛው እንደሚሻል መንገር አለብኝ?

አዋቂዎችን የምታስተምረው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የጎንደር ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጨረሻ ላይ ስትጋደሙ ትለብሱታላችሁ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት አብረውን ይሠራሉ፣ «እማዬ፣ እስከሚመችዎ ብቻ» እያለች ወንበር ታቀርብላቸዋለች። እሳቸው ግን በሁዳዴ ሲሰግዱ የኖሩ ናቸው፣ ጉልበታቸው ከሁላችንም ይሻላል! ቢሮ የምንውለው ነን የምናቃስተው። በጾም ጊዜ ቅዳሴ የሚገቡትን ቀለል ያለውን ታሠራቸዋለች። ዮጋ በባዶ ሆድ ወይም ከተበላ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመከረው፣ ስለዚህ ለጿሚ አይከፋም። ውኃ ሳይጠጡ ለሚውሉ ግን ከባዱ አይሆንም። ረመዳንን የሚጾሙትም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ልጆቹ። እዚህ ላይ ነው የምትለየው። ብዙ ቦታ ልጆችን ከአዋቂ ጋር ቀላቅለው «ዝም በሉ፣ አትንቀሳቀሱ» ይሏቸዋል። እሷ ጋ ዝም ማለት የለም። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፣ ያውም በጨዋታ። ሁሉም ወደ ሰሜን ተራራ ጉዞ ይወጣሉ። መንገድ ላይ ጭላዳ ያጋጥማቸዋል፣ ቁጢጥ ብለው ሣር ይነጫሉ። ዋልያ ሲመጣ በአንድ እግር ገደል አፋፍ ይቆማሉ። ዛፍ ሲሆኑ «የፋሲል መዋኛን ግንብ አቅፎ የያዘውን ሥር አይታችሁታል? እንደሱ መሬቱን ያዙ» ትላለች፣ ያላየ ጎንደሬ ልጅ የለም። አንበሳም ይሆናሉ፣ ምላስ አውጥተው ሲያገሱ ጎረቤት ይሰማል።

ትንፋሽ የምታስተምርበትን መንገድ ወድጄዋለሁ። ትንሽ ጥጥ ወለል ላይ ታስቀምጥና በአፍንጫ ስበው በአፍ ቀስ ብለው እየነፉ ከዚህ እዚያ እንዲያደርሱት ትነግራቸዋለች። ቶሎ የነፋ ጥጡ ይበርበታል፣ ሲዝናና ይሳካለታል። ትንፋሽ ይዞ መቆየት ለልጅ አታስተምርም። በጭንቅላት መቆምንም አታስነካቸውም፣ አንገታቸው ገና ነው ባይ ናት። መጨረሻ ላይ በጀርባቸው ተኝተው አሻንጉሊት ሆዳቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ያዩታል። የእህቴ ልጅ፣ አንድ ደቂቃ የማይቀመጠው፣ እዚያ ተኝቶ አየሁት ስል እናቱ አላመነችኝም። ልጅ አልሠራም ካለ ጥግ ይዞ ያያል፣ አይገደድም። ወላጅ በር ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል። ይህን የሚከለክል ማንኛውም የልጆች ማሠልጠኛ ካለ ልጃችሁን አትውሰዱ።

የሃይማኖቱ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ዮጋ ሥሩ ከህንድ እምነትና ፍልስፍና ጋር የተያያዘ ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። እሷ ጋ መዝሙር የለም፣ ኦም (የሂንዱዎች የጸሎት ቃል) አይባልም፣ ሰውነትና ትንፋሽ ብቻ ነው። ግን ልባችሁ ካልፈቀደ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ ወይም ተዉት፤ የእግር እርምጃም እኮ አለ።

ኦንላይኑ ጥሩ አስተማሪ ካገኛችሁ ይሠራል፣ ስትሳሳቱ ግን በስልክ ስክሪን ጉልበታችሁን ማን ያየዋል? ኔትወርኩም መሀል ላይ ይሄዳል። ዩቲዩብ ነፃ ነው፣ ለጀማሪ የሚለውን አውርዳችሁ ያዙ፣ መብራት ሲጠፋም ይጠቅማል። ወገብ ለሚያማችሁ ግን ብቻችሁን አትጀምሩበት።

ዋጋ? የመምህርቷ ከጂም ወርሃዊ ትንሽ ወደድ ይላል። ወንድማማች እህትማማች ካመጣችሁ ለሁለተኛው ትቀንሳለች።

ዕቃ ላይ ብዙ አታውጡ። ፒያሳ ስፖርት ዕቃ ሱቆች ያሉት ማቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ወፍራሙ፣ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው፣ ሲጋደሙበት ይመቻል፣ በአንድ እግር ሲቆሙ ግን ያወዛውዛል። ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን ያዙ፣ ስትገዙም መዳፋችሁን ጫን አድርጋችሁ ግፉት፣ ከተንሸራተተ ተዉት። ማሠሪያ የሚባለውን አትግዙ፣ ነጠላ ጠቅልሎ እግር ላይ ማድረግ ይበቃል። ለትራስም የታጠፈ ጋቢ። ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ ስፖንጅ ለመቁረጥ እንዳታስቡ፣ ቶሎ ነው የሚሟሽሸው።

ወንድ ይገባል ወይ ያልከው ወንድሜ፣ ይገባል፣ ጥቂት ናቸው እንጂ አሉ። አዘዞ በኩል ያላችሁ ደግሞ ለጠዋቱ በባጃጅ መመላለስ ይከብዳችኋል፣ እዚያ አካባቢ ልጆችን በአግባቡ የሚያስተምር የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን፣ ሦስት ሰው ጠይቆኛል።