ሜዲኬር አለን ብላችሁ አትተኙ

እህቴ፣ «እዚህ አሜሪካ እናቴን ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ላስገባ ወይስ ቤት ላቆያት» ብለሽ ፌስቡክ ላይ የጻፍሽውን አነበብኩ። ብዙ ሰው «እናት ቤት ነው የምትጦረው» ብሎ መልሶልሻል። ጥሩ ነው። ግን ከመለሱልሽ መካከል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስቶ አንሶላና ዳይፐር የቀየረው ስንቱ እንደሆነ እንጃ። እኔ አባቴን ስድስት ዓመት አስታምሜያለሁ፤ አራቱን ቤት፣ ሁለቱን ነርሲንግ ሆም። የገባሁባቸውን ጉድጓዶች ልንገርሽ፣ አንቺ ዞር ብለሽ እለፊያቸው።

መጀመሪያ ገንዘቡ። እኛ ቦታ መርጠን፣ ክፍሉን አይተን፣ ከእህት ከወንድም ጋር ተጨቃጭቀን ስናበቃ ነው «ለመሆኑ ማን ነው የሚከፍለው?» የምንለው። ተገላቢጦሽ ነው።

ሜዲኬር፣ ለአረጋውያን ያለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ አይከፍልም። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ሽንት ቤት መውሰድ ብቻ ከሆነ የሚያስፈልጋት፣ ሜዲኬር እዚያ ውስጥ የለበትም። የሚከፍለው ከሆስፒታል ሲወጡ ላለው ማገገሚያ ነው፤ እሱም ቢበዛ 100 ቀን። የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት በነጻ ናቸው። ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ግን በ2025 ሒሳብ በቀን 209 ዶላር ከ50 ሳንቲም ከኪስ ይወጣ ነበር። 100 ቀኑም ቢሆን የተረጋገጠ አይደለም፤ የነርስ ወይም የቴራፒስት ሥራ አያስፈልጋትም ካሉ በ15ኛው ቀንም ሊያቆሙት ይችላሉ። ያን ጊዜ ይግባኝ በዪ። «አልተሻላትም» የሚለው ምክንያት ብቻውን አይበቃም።

አባቴ ፓርኪንግ ውስጥ 12 ዓመት ስለሠራ ሜዲኬር ነበረው፤ እኛም በዚያ ተማምነን ተኝተን ነበር። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ወድቆ ሆስፒታል አራት ሌሊት አደረ። አልጋ ይዟል፣ ግሉኮስ ተሰክቶለታል፣ ነርስ ትመላለሳለች፣ እና እኔ ተኝቶ መታከም ማለት ይኸው ነው ብዬ ነበር። ለካ መዝገቡ ላይ «ኦብዘርቬሽን»፣ ማለትም ለክትትል ብቻ የቆየ፣ ነው የሚለው። ሜዲኬር ማገገሚያውን እንዲከፍል ሦስት ተከታታይ ቀን «ኢንፔሸንት» (ተኝቶ ታካሚ) ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ ኦብዘርቬሽን አይቆጠርም። ይህንን የሚያስረዳ ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር፣ ከ24 ሰዓት በላይ በኦብዘርቬሽን ለቆየ ሰው መስጠት ግዴታቸው ነው። እኔ የመኪናዬ ሰዓት እያለቀብኝ ስለነበር ሳላነብ ፈረምኩ። የፓርኪንግ ሠራተኛ ልጅ በፓርኪንግ ምክንያት! የ23 ቀን ማገገሚያ ሙሉ በሙሉ ከኪሳችን ወጣ። እናትሽም ወደፊት ሜዲኬር ኖሯት ሆስፒታል ከገባች በየቀኑ «ኢንፔሸንት ናት ወይስ ኦብዘርቬሽን?» ብለሽ ጠይቂ። ነገረኛ ቢሉሽም ይበሉሽ። (በግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል የሚሰጡት አንዳንድ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላኖች የሦስት ቀኑን ነገር ይተዉታል፣ የእሷ የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ አጣሪ።)

ዋጋውን ጠይቀሻል። ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ጄንዎርዝ የሚባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በአገር ደረጃ መካከለኛው ዋጋ ለሁለት በሚጋሩት የነርሲንግ ሆም ክፍል በዓመት 111,325 ዶላር ነው። አሲስትድ ሊቪንግ፣ አረጋውያን እየተረዱ የሚኖሩበት ቤት፣ 70,800። ቤት የሚመጣ ሆም ሄልዝ ኤይድ፣ በሳምንት 44 ሰዓት ተቆጥሮ፣ 77,792። የቀን መዋያው፣ አዳልት ዴይ ኬር የሚሉት፣ 26,000። የመጨረሻውን ቁጥር ልብ በዪ፣ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ይችለዋል? በዚህ አገር ነርሲንግ ሆም ካሉት ሰዎች ከግማሽ በላይ ለሆኑት የሚከፍለው ሜዲኬይድ የሚባለው ሌላው የመንግሥት ኢንሹራንስ ነው። ሜዲኬይድ የድሃ ነው፤ በብዙ ስቴቶች ብቻውን የሚኖር ሰው በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ሊኖረው አይችልም። የአንቺ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። እናትሽ በግሪን ካርድ ከገባች ገና ሦስት ዓመቷ ነው ብለሻል። ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ ልጁ ጠርቶት በግሪን ካርድ የመጣ ሰው ለሜዲኬይድ አምስት ዓመት ይጠብቃል። አንዳንድ ስቴቶች በራሳቸው ገንዘብ ቀድመው ይሸፍናሉ፣ ስለዚህ ስቴትሽን ሳትጠይቂ ተስፋ አትቁረጪ። ሜዲኬርም ቢሆን ሠርታ ስለማታውቅ በነጻ አታገኘውም፤ 65 ከሞላትና እዚህ አምስት ዓመት ከኖረች ግን መግዛት ትችላለች። በ2025 ፓርት ኤ (የሆስፒታሉ ክፍል) ሙሉ ዋጋው በወር 518 ዶላር፣ ፓርት ቢ (የሐኪሙ ክፍል) 185 ነበር።

ሌላው፣ ስትጠሪያት «እኔ እደግፋታለሁ» ብለሽ የፈረምሽው አይ 864 የሚባለው ፎርም። ያ ወረቀት ወግ ማዕረግ አይደለም፣ ውል ነው። አምስት ዓመቱ ካለፈ በኋላ እንኳ ለሜዲኬይድ ስታመለክት የአንቺን ገቢ እንደ እሷ ገቢ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ከዚህ የሚገላግልሽ ዋናው መንገድ እሷ ሲቲዝን ስትሆን ነው። «እንግሊዝኛ አትችልም፣ መርሳት ጀምሯታል፣ እንዴት ትፈተናለች?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ኤን 648 የሚባል ፎርም አለ። ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ሕመሙ ለምን መማር እንደሚከለክላት በዝርዝር ይሞላዋል፣ ተቀባይነት ካገኘ ከእንግሊዝኛውም ከታሪክ ጥያቄውም ነጻ ትሆናለች። ደህና የሚያውቃት ሐኪም ከአሁኑ ይኑራት፤ በጥድፊያ የተሞላ ፎርም ይመለሳል።

ከመለሱልሽ መካከል አንዱ ወንድም «አገር ቤት ትመለስና ሰው እንቅጠርላት» ብሏል። ርካሽ ነው፣ እውነት ነው፣ ለአንዳንዱም ይሆናል። ግን ከስድስት ወር በላይ ከቆየች ለሲቲዝንነት የቆጠረችው ጊዜ ሊቋረጥባት ይችላል፣ ከዓመት ካለፈ ግሪን ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ነው፣ ሜዲኬርም ባሕር አይሻገርም። አንዴ ከሄደች የመመለሱ ነገር ከባድ መሆኑን አውቃችሁ ወስኑ።

ስለዚህ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን እነዚህን ሁለት ዓመታት በቀን መዋያ ነበር የምሻገረው። አባቴን ያቆየው እሱ ነው። ጠዋት በቫን ይወስዱታል፣ ከሰዓት ይመልሱታል፣ እዚያ ነርስ አለች፣ መድኃኒቱን ይሰጡታል፣ እኔም ሥራዬን አልለቀቅኩም። በሳምንት ሦስት ቀን እንኳ ቢሆን ትተነፍሻለሽ። በኋላ ሜዲኬይድ ስታገኝ ደግሞ ብዙ ስቴቶች ልጅ ወላጁን ቤት ሲንከባከብ ደመወዝ ይከፍላሉ፤ ካሊፎርኒያ አይ ኤች ኤስ ኤስ ይለዋል፣ ኒው ዮርክ ሲ ዲ ፓፕ። ወረፋ ያለባቸው ስቴቶች ስላሉ ስሟን ቀድመሽ አስመዝግቢ።

ነርሲንግ ሆም የግድ ከሆነ፣ በእሁድ ማታ ሂጂ። ጉብኝት አስይዘሽ ማክሰኞ በአራት ሰዓት ከሄድሽ አበባውን ነው የሚያሳዩሽ። እሁድ ማታ የጥሪው መብራት በርቶ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ታያለሽ፣ ሽታውንም ታውቂዋለሽ። ሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ ኬር ኮምፔር የሚባል የኮከብ ደረጃ አለ፤ እኔ አጠቃላዩን ትቼ የሠራተኛ ብዛቱን ኮከብ ነው የማየው፣ እሱ ከደመወዝ መዝገብ ስለሚወጣ። ከጥራት መለኪያዎቹ ብዙዎቹን ራሳቸው ቤቶቹ ናቸው የሚሞሉት። ሁለት ጥያቄ ደግሞ አትርሺ፦ «ገንዘቧ ሲያልቅ ሜዲኬይድ የሚቀበል አልጋ አላችሁ?» እና «በሌሊት ፈረቃ አማርኛ የሚናገር ሰው አለ?» አባቴ መርሳቱ ሲብስ እንግሊዝኛው ጭራሽ ጠፋ። አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፣ ግን ሌሊት «ውሃ» ሲል ስልክ ደውሎ አስተርጓሚ የሚጠራ የለም። የመረጥነው ከቤታችን 40 ደቂቃ የሚርቀውን ነው፣ ማታ የምትሠራ አንዲት የእኛ አገር ልጅ ስለነበረች ብቻ። ባለ አምስት ኮከቡ ቅርባችን ነበር።

ሲያስፈርሙሽ «ሪስፖንሲብል ፓርቲ» (ኃላፊነት የሚወስድ ሰው) የሚለው ቦታ ላይ እንዲሁ ስምሽን እንዳታሰፍሪ። ልጅ ከራሱ ኪስ ዋስ ካልሆነ አንቀበልም ማለት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። የምትፈርሚው በውክልና፣ ከእሷ ገንዘብ ለመክፈል ብቻ መሆኑን ጻፊበት።

ገንዘቧን ወደ ወንድምሽ አካውንት እናዛውር ወይ ያልሽውን ግን፣ ተይው። ታላቅ ወንድሜ ለእኛም ያንኑ መክሮን ነበር። በአብዛኛው ስቴት ሜዲኬይድ ለነርሲንግ ሆም ሲጠየቅ ወደ ኋላ 60 ወር ይመረምራል፤ የተሰጠ ገንዘብ ካገኘ ለተወሰነ ጊዜ አይከፍልም። በስሟ ቤት ካለ ደግሞ ከሞተች በኋላ ስቴቱ ያወጣውን ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ጉዳይ የፌስቡክ ምክር አትስሚ፣ የእኔንም ጨምሮ። የኤልደር ሎው (የአረጋውያን ጉዳይ) ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ክፈይ።

ከሁሉ ቀድሞ ግን ውክልናው፣ የገንዘቡም የሕክምናውም። አእምሮዋ እያለ ካልፈረመች በኋላ ፍርድ ቤት ሄደሽ ሞግዚትነት መጠየቅ ነው፣ ወራትም ብርም ይበላል። ለዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ፤ ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ይምታታባታል ብለሽ የለ።