ዊንዶውስ 11 ስጭን 71 ከመቶ ደርሶ ወደ 10 ይመለስብኛል

ሰላም ወገኖች፤ ደብረ ሲና ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራበት ላፕቶፕ ኢንቴል ኮር አይ5 ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ 90 ጊጋ ባዶ ቦታ አለው። ቲፒኤም 2.0 (ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደኅንነት ቺፕ) የለውም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን ኢንቴል በአብዛኛው አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ ግን እንዲሁ መቀመጥ አልፈለግሁም። የሰው ሰነድ ነው የያዝኩት።

ፍላሹን በሩፉስ (የመጫኛ ፍላሽ በሚያዘጋጅ ፕሮግራም) አዘጋጀሁ፤ የቲፒኤምና የሴኪዩር ቡት ፍተሻውን የሚያስቀረውን ምርጫ ነካሁ። ከፍላሹ ሳስነሣው የሚፈቅደው ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያጠፋውን አዲስ ጭነት ብቻ ነው። እሱን አልደፍርም፤ የፓወር ግዕዝ መጫኛ ሲዲዬ ጠፍቷል፤ የዕድር ደንቡ፣ የውርስ ማመልከቻው፣ የስንት ዓመት ጽሑፍ በሱ የተተየበ ነው።

ስለዚህ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ሆኜ ሴትአፑን ከፈትኩት። ፍተሻውን አለፈ። ሁለቴ ሪስታርት አድርጎ 71 ከመቶ ላይ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለውጡን እየመለስኩ ነው አለና ያው ዊንዶውስ 10 ተከፈተ። የስህተት ኮዱ በ1900101 ያልቃል፤ ይህ በአብዛኛው የድራይቨር ችግር መሆኑን አውቃለሁ። አንቲቫይረሱን አጥፍቼ፣ ፕሪንተሩንና ስካነሩን ነቅዬ፣ ኢንተርኔቱን ዘግቼ፣ መብራት በማይቋረጥበት ሌሊት ደገምኩት። እዚያው 71 ላይ ቆመ።

ጭነቱን የሚያስቆመው የትኛው ድራይቨር እንደሆነ ለይቼ ለማወቅ፣ የትኛውን የሎግ ፋይል ከፍቼ ምን ልፈልግበት?