ሱፐርማን ሲጨልም ተመልካቹ ለምን ለሁለት ተከፈለ? (‹ማን ኦፍ ስቲል›፣ 2013)

የአራት ኪሎ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የፊልም ክበባችን ቀጣይ ርዕስ «ጨለም ያለና ወደ እውነታ የተጠጋ የሱፐርሄሮ ሪቡት (የቆየን ታሪክ ከሥር እንደ አዲስ መጀመር)» ነው። መነሻ ያደረግነው የዛክ ስናይደርን ‹ማን ኦፍ ስቲል› ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ችግሬ ቁጥሮቹ እርስ በርስ አለመግጠማቸው ነው። በመጀመሪያው ምሽት የገቡት ተመልካቾች በሲኒማስኮር ኤ ማይነስ ሰጥተውታል። ግምገማዎችን በሚያሰባስበው ድረ ገጽ ሮተን ቶሜቶስ ላይ የሃያስያኑ ውጤት 57 በመቶ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የአሜሪካ ገቢው ወደ 65 በመቶ ወርዷል። በዓለም ዙሪያ ግን 668 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል፤ ከእሱ በፊት የነበረው ‹ሱፐርማን ሪተርንስ› (2006) 391 ሚሊዮን ላይ ነው የቆመው። ታዲያ ሰው ወደደው ወይስ ጠላው?

ሌላው ጥያቄዬ፣ ባትማን ሲጨልም ያጨበጨበ ሕዝብ ሱፐርማን ሲጨልም ለምን ተጣላ?

ቆጣሪው

ወንድሜ፣ ቁጥሮችህ ልክ ናቸው። እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ችግሩ አንድ ላይ ሲደመሩ ነው።

ሲኒማስኮር ከ1979 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለመጀመሪያው ምሽት ታዳሚዎች ካርድ እያደለ ውጤት የሚሰበስብ ድርጅት ነው። በመጀመሪያው ምሽት የሚገባው ሰው ደግሞ በአብዛኛው ትኬቱን ቀድሞ የቆረጠ፣ ገጸ ባሕሪውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ወዳጅ ነው። ስለዚህ ለሱፐርሄሮ ፊልም ኤ ማይነስ «ወዳጆቹ አልተቀየሙም» ማለት እንጂ «ሁሉም ወደደው» ማለት አይደለም። ወደ ቢ ሲወርድ ነው ማንቂያው የሚደወለው። ‹ባትማን ቨርሰስ ሱፐርማን› (2016) ቢ አገኘ፣ ‹ባትማን ኤንድ ሮቢን› (1997) ሲ ፕላስ፣ የ2015ቱ ‹ፋንታስቲክ ፎር› ደግሞ ሲ ማይነስ።

57 በመቶውን እንደ ፈተና ውጤት አታንብበው። ከመቶ ሃያስያን 57ቱ ወደ በጎው ያዘነበለ ግምገማ ጻፉ ማለት ብቻ ነው። ምን ያህል እንደወደዱት አይነግርህም። እዚያው ገጽ ላይ ያለውን የተመልካች መቶኛ ከ2022ቱ ‹ዘ ባትማን› ጋር ላወዳድር ካልክ ደግሞ ተጠንቀቅ፤ ትኬት መቁረጣቸው የተረጋገጠ ሰዎችን ለይቶ መቁጠር የተጀመረው በግንቦት 2019 ነው። ከዚያ በፊት ፊልሙን ያየውም ያላየውም ድምፅ ይሰጥ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ሰው ለሰው ምን እንዳወራ የሚያሳይህ የሁለተኛው ሳምንት ገቢ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የሁለተኛውን ዓርብ–እሁድ ገቢ ለመጀመሪያው ታካፍላለህ። 41.3 ሚሊዮን ለ116.6 ሲካፈል 0.354፤ ከአንድ ስትቀንሰው 64.6 በመቶ ወረደ ማለት ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እሁድ ማታ የሚወጣው ቁጥር ግምት ነው፤ ትክክለኛው ሰኞ ይመጣል፤ ሁልጊዜ የሰኞውን ውሰድ። የሐሙስ ማታ ገቢ ዓርብ ላይ መደመር አለመደመሩንም አጣራ። ለዚህ ፊልም ሐሙስ ምሽት በልዩ ዝግጅት የተሸጠ ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር አለ፤ 116.6 ውስጥ አልገባም። ብትጨምረው ውድቀቱ ወደ 68 ይጠጋል።

ለፊልሙም እንፍረድለት። የመጀመሪያው እሁድ በአሜሪካ የአባቶች ቀን ነበር፤ ያ ብቻውን የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳብጠዋል። በሁለተኛው ዓርብ ደግሞ ‹ሞንስተርስ ዩኒቨርሲቲ› እና ‹ወርልድ ዋር ዚ› በአንድ ቀን ተከፈቱ፤ አንደኛው 82፣ ሌላኛው 66 ሚሊዮን ወሰዱ። ልጅ ያለው ቤተሰብ ወደ አንዱ፣ ወጣቱ ወደ ሌላው ሄደ። ከ65ቱ ውስጥ ምን ያህሉ ቅሬታ፣ ምን ያህሉ ፉክክር እንደሆነ ማንም በሳንቲም ሊለይልህ አይችልም።

ለዚህ ነው ማባዣ የሚባል ሌላም ሒሳብ የምጨምረው፦ የአሜሪካ ጠቅላላ ገቢ ለመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ሲካፈል። ‹ማን ኦፍ ስቲል› 291 ለ116.6፣ 2.5 ይሆናል። ‹ዘ ባትማን› (2022) 369 ለ134፣ ወደ 2.75። ‹ባትማን ቨርሰስ ሱፐርማን› ሁለት እንኳ አልሞላም፤ ያ ነው በእርግጥ ሰው ጀርባውን የሰጠው ፊልም። ‹ባትማን ቢጊንስ› (2005) 4.2 ይወጣና ያስደንቅሃል፤ ነገር ግን የተከፈተው ረቡዕ ነው፤ የረቡዕና የሐሙስ ገንዘብ ከማካፈያው ውጭ ቀርቷል። በአምስቱ ቀን ገቢ ብታካፍለው 2.8 አካባቢ ነው። ጥሩ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

ድምዳሜዬ፦ ሰው አልጠላውም። ብዙዎች አንድ ጊዜ አይተው በቃን አሉ፤ ጥቂቶች አጥብቀው ወደዱት፤ ጥቂቶች አጥብቀው ተቀየሙት። አማካዩ ሦስቱንም ይደብቃል።

ትዕይንት በትዕይንት

የጋሼ ቆጣሪውን ሒሳብ እቀበላለሁ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያለው ግን ፊልሙ ውስጥ ነው።

«ወደ እውነታ መጠጋት» ለሁለቱ ገጸ ባሕርያት አንድ ዓይነት ሥራ አይደለም። ባትማን ኃይል የለውም፤ ሰው ነው። ክሪስቶፈር ኖላን በ2005 ያደረገው ተመልካቹ የሚጠይቀውን የ«እንዴት» ጥያቄ አንድ በአንድ መመለስ ነው። ልብሱ ከየት መጣ? ከድርጅቱ መጋዘን፣ ለወታደር ተሠርቶ በዋጋው ምክንያት ከተተወ ጥሩር። መኪናውስ? ድልድይ ለመዘርጋት የታሰበ የጦር ተሽከርካሪ። የጭንብሉ ክፍል ሲታዘዝ ጥርጣሬ እንዳይነሳ በአሥር ሺህ ይታዘዛል። ባትማን በሙሉ ልብሱ እስኪታይ ፊልሙ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል፤ እስከዚያ ድረስ ተመልካቹ አምኗል። ጨለማውም አዲስ አልነበረም፤ ወላጆቹ መንገድ ላይ የተገደሉበት ልጅ ታሪክ ከመነሻውም ጨለማ ነው።

የሚበር ሰው ላይ ግን «እንዴት» ብለህ ብትጠይቅ መልስ የለም። ስለዚህ ‹ማን ኦፍ ስቲል› ጥያቄውን ለወጠው፦ እንዲህ ያለ ፍጡር ዛሬ ቢገኝ ዓለም ምን ይሰማዋል? ጥያቄው ትክክል ነበር። ቀለሙ ደበዘዘ፣ ካሜራው በእጅ ተያዘ፣ ቀዩ ቁምጣ ወጣ፣ የጆን ዊልያምስ ዜማ ቀርቶ የሃንስ ዚመር ከበሮ ገባ። በእነዚህ ሰው ብዙም አልተጣላም። የተጣላው በሦስት ቦታ ነው።

አንደኛው አሳዳጊ አባቱ ነው። በ1978ቱ ፊልም ጆናታን ኬንት በልብ ድካም ይሞታል፤ ልጁ ይህ ሁሉ ኃይል እያለው ሊያድነው አልቻለም። ትሕትና የሚማርበት ሞት ነው። በ2013ቱ አውሎ ነፋስ ሲወስደው ልጁ ሊያድነው ይችል ነበር፤ አባትየው በእጁ «ተው» ብሎ አስቆመው። ቀደም ሲል ልጁ አውቶቡስ ውስጥ የነበሩትን ልጆች አድኖ «እንዲሞቱ ልተዋቸው ነበር?» ሲል የተሰጠው መልስ «ምናልባት» ነው። የአባት ፍርሃት ሆኖ ካየኸው እውነተኛ ነው። ሱፐርማንን ግን ደግነት ያስተማረው ያ አባት ነው ብሎ የመጣው ተመልካች መሠረቱ የተናደበት ያህል ተሰማው።

ሁለተኛው የከተማው መፍረስ ነው። በሌላ ፊልም ሕንፃ ሲወድቅ ሰው አይቆጥርም። እዚህ ግን ፊልሙ ራሱ «እውነት አስመስለህ እየኝ» ብሎ አዝዟል፤ አቧራ የለበሱ ሰዎችን፣ ፍርስራሽ ሥር የተያዘች የጋዜጣ ሠራተኛን አሳይቷል። ተመልካቹ እንደታዘዘው በእውነት ዓይን አየና ሙታንን መቁጠር ጀመረ። ጀግናው ግን ጠላቱን ከከተማው ለማውጣት ሲደክም ብዙም አይታይም። የእውነታ ዋጋው ይኸው ነው፤ ተመልካቹን በእውነት ሚዛን እንዲመዝን ካደረግከው በኋላ ሚዛኑን ልትነጥቀው አትችልም።

ሦስተኛው ከሱፐርማን የትውልድ ፕላኔት ከክሪፕቶን የመጣው ጠላቱ የዞድ ሞት ነው። ትዕይንቱ ራሱ በደንብ ተሠርቷል፦ ቤተሰቡ ጥግ ተይዟል፣ ሱፐርማን ይለምናል፣ ዞድ እንደማያቆም ይናገራል፣ አንገቱ ይሰበራል፣ ከዚያ ያ ጩኸት። ስህተቱ ከጩኸቱ በኋላ ያለው ኤዲቲንግ ላይ ነው። ፍቅረኛው ሎይስ ታቅፈዋለች፤ ወዲያው ሱፐርማን ጄኔራሉ ፊት ድሮን ጥሎ ይቀላለዳል። የወገኑን የመጨረሻ ሰው በእጁ የገደለ ሰው ሐዘኑ ደቂቃ እንኳ አልተሰጠውም። ሰው ሲወጣ «ሱፐርማን ገደለ» እያለ ያወራው ለዚህ ይመስለኛል፤ ፊልሙ ያላዘነለትን ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ውጭ አዘነለት።

የኮሚክስ ሣጥን

«ሱፐርማን አይገድልም» የሚለው ክርክር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ1988 ጆን በርን በጻፈውና በሣለው ‹ሱፐርማን› ቁጥር 22 ላይ ሱፐርማን ሦስት የክሪፕቶን ወንጀለኞችን በአረንጓዴ ክሪፕቶናይት (የክሪፕቶን ሰዎችን በሚገድል ማዕድን) ገድሏል፤ ከመካከላቸው አንዱ ዞድ ነው። ስለዚህ ስናይደር ከሜዳ ያመጣው ነገር አይደለም። ክበባችሁ ውስጥ «እንዲህ ተደርጎ አያውቅም» የሚል ከተነሳ ይህን አቅርቡለት።

ይሁን እንጂ ከትዕይንት በትዕይንት ጋር የምስማማበት ነጥብ አለ። ኮሚክሱ ከዚያ በኋላ ብዙ እትሞችን የፈጀው የዚያን ግድያ ጸጸት በማሳየት ነው፤ ሱፐርማን አእምሮው ታውኮ፣ በራሱ ፈርዶ ምድርን ጥሎ እስከ መሰደድ ደርሷል።

የአራት ኪሎ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። «ጨለማ ሁሌም ተመልካች ያባርራል» ለሚሉ አባላት ምን ልበል? ውይይቱ የጩኸት ውድድር እንዳይሆንስ እንዴት ላዘጋጀው?

ቆጣሪው

ለመጀመሪያው ‹ጆከር›ን (2019) አሳያቸው። ሪቡት ባይባልም ከሁሉም የጨለመው እሱ ነው። ሲኒማስኮሩ ቢ ፕላስ፣ ማለትም ከ‹ማን ኦፍ ስቲል› ያነሰ ነው። ግን በሁለተኛው ሳምንት የወረደው 42 በመቶ ብቻ ነው፣ ማባዣው 3.5 ነው፣ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ሰው ሲወጣ ተረብሾ ወጣ፤ ሌላውን ግን «ሄደህ እይ» አለው። የ2015ቱ ‹ፋንታስቲክ ፎር› ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጨለማው ሳይሆን መገጣጠሙ ነው የጣለው፦ የመጀመሪያው አጋማሽ ቀስ ያለና አስፈሪ፣ የመጨረሻው ችኩል ውጊያ፤ በድጋሚ የተቀረጹት ትዕይንቶች በተዋናይቷ ዊግ እንኳ ይለያሉ። ተመልካች ጨለማን ይታገሣል፤ በአንድ ፊልም ውስጥ ሁለት ፊልም ሲያይ ግን ይወጣል።

ትዕይንት በትዕይንት

ለውይይቱ፣ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ቁራጭ ወረቀት ስጥና አንድ ጥያቄ ብቻ አስመልስ፦ መጀመሪያ ያወቅኸው ሱፐርማን የትኛው ነው? የ1978ቱ፣ የካርቱኑ፣ ኮሚክሱ ወይስ ምንም? ስምም አያስፈልገውም። ፊልሙ እንዳለቀ፣ ማንም ሳይናገር፣ በዚያው ወረቀት ጀርባ ከአሥር ስንት እንደሚሰጡት ያስፍሩ። አንደበተ ርቱዕ የሆነ አንድ ሰው ቀድሞ ከተናገረ የሌላው ነጥብ ይቀየራል፤ ለዚህ ነው መጻፉ መቅደም ያለበት። ከዚያ ወረቀቱን በመጀመሪያው መልስ ለይተህ ደርድር። አማካይ አታውጣ፤ የእያንዳንዱን ክምር ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥብ ሰሌዳ ላይ ጻፍ። ክፍፍሉ በዚያው ይታያል።

ፊልሙ 143 ደቂቃ ነው፤ ለውይይት ቢያንስ 45 ደቂቃ ካልተረፈህ በሌላ ቀን አድርጉት። ስትጠይቅም «ወደዳችሁት ወይ» አትበል። «መግደሉን ነው የተቃወማችሁት ወይስ ከግድያው በኋላ ያለውን?» በል። የዞድን ሞትና ቀጣዩን የድሮን ትዕይንት ሳታቋርጥ ደግመህ አሳያቸው፤ ክርክሩ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። በአማርኛ ተራኪ የሚተረክ ትርጉም ፊልም አትጠቀሙ፤ የግርጌ ጽሑፍ ያለውን ፈልጉ። ተራኪው በድምፁ ላይ ሲናገር የዚመር ሙዚቃና ዝምታው ይጠፋል፤ በመሐል ቀልድ ካስገባም የፊልሙ ስሜት ሌላ ይሆናል። በተለይ ከአንገት ስብራቱ በኋላ ያለው ጩኸት ንጹህ ሆኖ መሰማት አለበት፤ ድምፅ ማጉያውን በዚያ ትዕይንት ላይ አስቀድማችሁ ሞክሩት።