ቶንዶሱ የውሻውን ግማሽ አካል ላጭቶ ተበላሸብኝ፤ ባለቤቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል

የፍራንኮዋ (አዳማ)፣ ቀን 6፡20
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ጀርመን ሼፐርድ አለ። ግራ ጎኑን ከትከሻው እስከ ጭኑ ጨርሻለሁ፤ ቀኙ እንዳለ ነው። ቶንዶሱ ድንገት እንደ ወፍጮ መጮህ ጀመረ፤ መቁረጡንም ትቶ ፀጉሩን ይነጫል። ውሻው ሁለት ጊዜ አጉረመረመብኝ። አራተኛ ጊዜ ሲመጣ ነው፤ ከዚህ በፊት አንድም ቀን አጉረምርሞብኝ አያውቅም። ምላጩን ቀይሬአለሁ፣ ዘይት አድርጌአለሁ፤ ለውጥ የለም። ባለቤቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊወስደው ይመጣል። ምን ላድርግ?

ፈጣኑ፣ 6፡24
ዘይት አድርጊበት። የስፌት ማሽን ዘይት ሁለት ጠብታ ይበቃዋል።

የፍራንኮዋ፣ 6፡25
ዘይት ማድረጌን ጽፌአለሁ።

የቦኩ ልጅ፣ 6፡27
ባለቤቱ ሲመጣ ቀኝ ጎኑን ወደ በሩ አዙረሽ አቁሚው። ሒሳብሽን ከተቀበልሽ በኋላ ይዙር።

የፍራንኮዋ፣ 6፡29
ወንድሜ፣ ለመሳቅ ጊዜ የለኝም። ይህ ሰውዬ ሦስት ጎረቤቶቹን ያመጣልኝ ደንበኛ ነው።

የእንስሳት ሐኪም (ሐዋሳ)፣ 6፡34
እህቴ፣ ከማሽኑ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጀርመን ሼፐርድ ለምን ይላጫል? ፀጉሩ ሁለት ንብርብር ነው፤ ከላይ ሻካራና ረጅም፣ ከሥር ደግሞ ለስላሳ ሱፍ። ላይኛው ፀሐይን ይከላከላል። ውሻ እንደ እኛ በመላ አካሉ አያልበውም፤ የሚያልበው በመዳፉ ነው፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ስለዚህ ፀጉሩን መላጨት ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አያቀዘቅዘውም፤ በአዳማ ፀሐይ ደግሞ ቆዳውን ማጋለጥ ነው። በዚያ ላይ ከተላጨ በኋላ ሱፉ ቀድሞ በቅሎ ላይኛው ፀጉር ለወራት ሊዘገይ፣ አንዳንዴም እንደ ቀድሞው ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ለእንዲህ ያለ ውሻ የሚበጀው የሞተውን ሱፍ በማበጠሪያ ማውጣት፣ ጥላና ንጹሕ ውኃ ነው። ይህን ለደንበኛ ማስረዳት የባለሙያ ግዴታ ነው።

የፍራንኮዋ፣ 6፡38
ዶክተር፣ ልክ ነዎት፤ ግን ግማሹ ተላጭቷል! ባለቤቱ «ሙቀቱ ገደለው፣ ላጪልኝ» አለኝ፤ ጭኑ አካባቢ ያለው ፀጉርም ተጋግሮ ስለነበር እሺ አልኩ። አሁን የጨነቀኝ ቀኝ ጎኑ ነው።

አሮጌው መካኒክ፣ 6፡41
ምላጩን ፈትተሽ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፊው፤ ቆሻሻውን ይለቃል። ከዚያ መልሰሽ ግጠሚው።

የእንስሳት ሐኪም (ሐዋሳ)፣ 6፡43
ይህን እንዳታደርጊ። ነጭ ጋዝ የነካው ምላጭ ቆዳውን ያቆስላል፤ ውሻው ራሱን ሲልስም ይውጠዋል። ሞተሩ በሚሞቅበት ቦታ የሚቀጣጠል ነገር ማስቀመጥም ሌላ አደጋ ነው።

ታዛቢ፣ 6፡46
እኔ የማይገባኝ ውሻ ለምን ፀጉር ቤት እንደሚሄድ ነው። አባቴ ግቢ ውስጥ ሦስት ውሾች ነበሩ፤ ዝናብ ያጥባቸው ነበር፤ ምንም አልሆኑም።

የአዲስ አበባዋ አጣቢ፣ 6፡52
ታዛቢ፣ የአባትዎ ውሾች ሲሮጡ ይውሉ ነበር፤ ያረጀው ፀጉርም በየአጥሩ ይቀር ነበር። ይህኛው ሲሚንቶ ላይ ታስሮ የሚውል ውሻ ነው። ፀጉሩ ተጋግሮ ሥሩ እርጥበት ሲይዝ ቆዳው ይቆስላል። እኔ ከተጋገረ ፀጉር ሥር ትል የፈላበት ቁስል አጥቤአለሁ። ሥራችን ጌጥ አይደለም።
የፍራንኮዋ፣ አንቺን ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ከመላጨትሽ በፊት አጥበሽ አድርቀሽዋል?

የፍራንኮዋ፣ 6፡55
አላጠብኩትም። ባለቤቱ ስለቸኮለ አበጥሬ ብቻ ጀመርኩ።

የአዲስ አበባዋ አጣቢ፣ 6፡58
እንግዲያው አንዱ ጥፋት ይህ ነው። የአዳማ አቧራ ፀጉሩ ሥር ሲቀመጥ ለምላጭ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው። አዲስ ምላጭ በአንድ ውሻ ይደነዝዛል። እጠቢው፣ በፎን እስከ ሥሩ አድርቂው፣ አበጥሪው፤ ምላጭ ከዚያ በኋላ ነው።

ፈጣኑ፣ 7፡00
ዘይቱስ? ብዙ ሰው ይረሳል።

ፀጉር አስተካካዩ (ሐዋሳ)፣ 7፡03
እኔ የሰው ፀጉር ነው የምቆርጠው፤ ግን የምትይውን ጩኸት አውቀዋለሁ። ማሽኑ ሆድ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢልን። ከየት ነው የመጣው?

የፍራንኮዋ፣ 7፡06
120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። እህቴ ከአሜሪካ ነው የላከችልኝ። እኔ ግን በትራንስፎርመር ነው የምሰካው፤ ስለዚህ ችግሩ እሱ ሊሆን አይችልም። ሁልጊዜም ትንሽ ይጮሃል፤ ትናንሾቹን ነጫጭ ውሾች ግን ያለችግር ይቆርጥ ነበር። ዛሬ ጠዋት መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ነው የባሰበት።

የቦኩ ኤሌክትሪሺያን፣ 7፡15
እህቴ፣ መልሱ አንቺው በጻፍሽው ውስጥ አለ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ብቻ ነው የሚቀንሰው፤ 220ን 110 ያደርገዋል። ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይነካውም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ማሽንሽ የተሠራው ለ60 ነው።

እንዲህ ያለው ቶንዶስ ውስጥ የሚሽከረከር ሞተር የለም። ያለው ማግኔት ነው፤ ምላጩን የያዘውን ክንድ ይስበዋል፣ ስፕሪንጉ ይመልሰዋል። በ60 ኸርዝ ምላጩ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይመላለሳል፤ በ50 ኸርዝ 6,000 ጊዜ ብቻ። ስፕሪንጉ የተቃኘው ለመጀመሪያው ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ጉልበቱ ይደክማል፣ ሽቦው ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል። ስስ ፀጉር ላይ አይታወቅብሽም፤ የሼፐርድ ሱፍ ላይ ሲደርስ ይጋለጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቱ ከፍ ካለ ደግሞ ክንዱ ማግኔቱን መምታት ይጀምራል። የምትሰሚው የወፍጮ ድምፅ እሱ ነው፤ አልተቃጠለም።

አሁን ይህን አድርጊ። ከሶኬቱ ንቀይውና ይቀዝቅዝ። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ምላጩን የያዙትን ሁለቱን አይደለም የምልሽ። ማሽኑን ውሻው የሌለበት ክፍል ውስጥ አስነሺውና ብሎኗን በካቻቢቴ ወደ ግራ በጣም በትንሹ አዙሪ። ጩኸቱ ልክ ሲቆም አንቺም ቁሚ። ከዚያ አልፈሽ ካዞርሽ ጉልበቱ ይጠፋል። ስታቢላይዘር ግዢ የሚልሽ ከመጣ ኸርዙን እሱም አይለውጠውም። ለወደፊቱ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ወይም በባትሪ የሚሠራ፣ ውስጡ የሚሽከረከር ሞተር ያለው ማሽን ያስፈልግሻል።

ፀጉር አስተካካዩ (ሐዋሳ)፣ 7፡19
ብሎኗን እኔም ልላት ነበር፤ የኸርዙን ነገር ግን ዛሬ ነው የሰማሁት። አንድ ልጨምር፦ ምላጩን በየአምስት ደቂቃው በክንድሽ ውስጠኛ ቆዳ ፈትኚው። አንቺን ካቃጠለሽ እሱንም አቃጥሎታል፤ ያጉረመረመው በዚህ ሊሆን ይችላል።

የድመቶች እናት፣ 7፡24
ከርዕሱ ብወጣም ይቅርታ። ለውሻ ቁንጫ የተሸጠልኝን ጠብታ ለድመቴ በትንሹ ባደርግላትስ?

የእንስሳት ሐኪም (ሐዋሳ)፣ 7፡26
በፍጹም! ፐርሜትሪን የሚባለው የቁንጫ መድኃኒት ካለበት፣ ውሻ የሚቋቋመው መጠን ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል። ማሸጊያውን ይዘሽ ሐኪም ጋር ሂጂ።
የፍራንኮዋ፣ ያጉረመረመ ውሻ ንክሻውን እያስጠነቀቀ ነው፤ እረፍት ስጪው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ማስረጃ አይተሻል? ከነከሰሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቢና በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂጂ። በዚህ ሙያ ያለ ሰው አስቀድሞ ቢከተብ ይመረጣል።

የፍራንኮዋ፣ 8፡05
የክትባት ካርዱን ባለፈው ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ቀኑ አላለፈም። ግራ ጎኑን ስዳስሰው ሆዱ አጠገብ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀልቷል። ምላጩ ነው ያቃጠለው። እንባዬ መጣ። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጌለታለሁ፤ አሁን ተኝቷል።
ብሎኗን ሩብ ዙር ወደ ግራ መለስኳት፤ ጩኸቱ ጠፋ። ቀኙን ግን ልላጨው አልፈልግም።

የአዲስ አበባዋ አጣቢ፣ 8፡11
አትላጪው። ቀኙን አበጥረሽ ሱፉን አውጪ። ወገቡ ላይ ድንበሩ እንዳይታይ በመቀስ ከረጅሙ ወደ አጭሩ ቀስ እያልሽ አመሳስዪው። የቀላውን ቦታ ባለቤቱ ራሱ ከማግኘቱ በፊት አንቺ አሳዪው። ጎኖቹ አይመሳሰሉም፤ እውነቱን ከነገርሽው ግን ደንበኛሽ ይቆያል።

የፍራንኮዋ፣ 8፡48
ደውዬ ልነግረው ነበር፤ ስልኩን አያነሳም። ወገቡን ጨርሻለሁ፤ አንገቱ ቀርቶኛል። የባጃጅ ድምፅ በሩ ላይ ቆሟል፤ እሱ ይመስለኛል።

የቦኩ ልጅ፣ በማግስቱ 3፡10
እህቴ፣ ሰውዬው ምን አለ? በትናንቱ ቀልዴ ይቅርታ፤ ውሻው መቃጠሉን አላወቅሁም ነበር።

የእንስሳት ሐኪም (ሐዋሳ)፣ በማግስቱ 5፡40
ቅላቱ ውኃ ከቋጠረ ወይም ውሻው አብዝቶ ከላሰው ለሐኪም ይታይ።

አዲስ አባል (አዳማ)፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ
የእኔም ቶንዶስ 60 ኸርዝ ይላል፤ እንደ ተባለው ብሎኗን ወደ ግራ አዞርኳት። ጩኸቱ ጠፍቷል፤ ምላጩ ግን ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ነገ ጠዋት ሁለት ውሾች አሉኝ። የቦኩ ኤሌክትሪሺያን እዚህ አሉ?